ስንብትና ሽኝት፤ ከእንጦጦ ግርጌ ስለ ተጻፉ የመለያየት ጽሑፎች

ሰው ወደማያውቀው አገር ሲደርስ ስለ አቀባበሉ የሚጽፈው ብዙ ነው። ስለ መድረሱ የጻፈውን ያህል ስለ መለየቱ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፤ የተጻፈውም ቢሆን የመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ሆነ በችኮላ ይነበባል እንጂ ራሱን እንደ ቻለ የጽሑፍ ዐይነት ተቈጥሮ አይመረመርም። እኛ ግን አንድ ደራሲ በባዕድ አገር ያሳለፈው ጊዜ ምን ፍሬ እንዳፈራ የሚታወቀው ከአቀባበሉ ምዕራፍ ይልቅ ከስንብቱ ምዕራፍ ነው ብለን ስለምናምን፣ በዚህ ወር አሳባችንን በዚሁ ላይ ለማሳረፍ መርጠናል። ለምርመራችንም የወሰድነው ሥፍራ ከእንጦጦ ተራራ ጀምሮ እስከ የካ፣ ቀበናና ኮተቤ ድረስ ያለው የአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የውጭ አገር እንግዶች ቤት ሠርተው የተቀመጡበት፣ ኋላም እየተሰናበቱ የሄዱበት ዋና ሠፈር ይህ ነውና። ዓመቱን በፈረንጅ አቈጣጠር በምንጽፍበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ብለን እናመለክታለን።

አስቀድሞ ቃሉን እንይ። በአማርኛ «ስንብት» የሚለው ስም «ሰነበተ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ስለዚህ የሚሄደው ሰው «ደኅና ሰንብቱ» ሲል ስለ ራሱ መሄድ አንዳች አይናገርም፤ የሚመኘው የሚቀሩት ሰዎች በደኅና እንዲቈዩ ነው። የሚቀሩትም በበኩላቸው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ይሉታል እንጂ ስለ ራሳቸው ብቸኝነት አያነሡም። ሁለቱም ስለ ሌላው ይናገራሉ። «ሽኝት» ደግሞ የአፍ ሳይሆን የእግር ሥራ ነው። ሸኚው ከሂያጁ ጋር ተነሥቶ፣ ጓዙን በከፊል ተሸክሞለት፣ እስከ ወንዙ ወይም እስከ መንታው መንገድ ድረስ አብሮት ይሄዳል፤ እዚያም ደርሰው «በቃ ተመለሱ»፣ «የለም ጥቂት እንጨምር» እየተባባሉ ሲከራከሩ ሌላ የመንገድ ቍራጭ ያልቃል። ከዚያ በፊት የቤቱ እመቤት ዳቦ ቈሎውንና በሶውን ቋጥራለች፤ ቡናውም ከአቦል ተነሥቶ በረካ ሳይደርስ እንግዳው አይነሣም። እንግዲህ በአገራችን ልማድ መለያየት ሁለት ወገን አለው፤ የሚሄድ አለ፣ የሚሸኝ አለ። የስንብት ጽሑፍ ስናነብ አጥብቀን የምንጠይቀውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሸኚው በጽሑፉ ውስጥ አለን? ካለስ ስም አለውን?

የመለያየቱ ሥፍራ ከዘመን ወደ ዘመን መዛወሩንም ልብ ማለት ይገባል። ምኒልክ በእንጦጦ ላይ ከትመው በነበሩበት ጊዜ፣ እንዲሁም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል፣ ወደ ባሕር የሚወርድ እንግዳ የሚጓዘው በበቅሎና በግመል ነበር። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ ስንብቱ ወደ ለገሐር ወረደ። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ልደታ፣ ቀጥሎም ቦሌ የመለያያ ሥፍራ ሆኑ። በበቅሎ ዘመን ሸኚው አብሮ መጓዝ ይችል ነበር፤ በባቡር ዘመን ከሐዲዱ ዳር ቆሞ መሐረብ ያወዛውዛል፤ ዛሬ ግን ከመስተዋት በር ወዲያ ማለፍ አይፈቀድለትም። ሽኝቱ እንዲህ እያጠረ ሲሄድ በመጻሕፍቱ ውስጥ ያለው የስንብት ምዕራፍም አብሮ ያጠረ ይመስለናል። ደራሲው በአውሮፕላኑ መስኮት ተራራውን ቍልቍል ይመለከታል፤ ስለ ባሕር ዛፉም ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ መጽሐፉም አለቀ ማለት ነው። (ባሕር ዛፍ ራሱ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ እንደ ሆነ ስሙ ይመሰክራል። ከእንግዶቹ ሁሉ ሳይሰናበት የቀረው እርሱ ነው።)

ከቀደሙት መጻሕፍት አንዱ እንጦጦን በስሙ ውስጥ የተሸከመ ነው። አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩሲያ ፈረሰኛ መኰንን፣ ከዐድዋ ድል በኋላ ቍስለኞችን ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ1896 ከመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ ጋር ወደ አገራችን መጥቶ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። አማርኛ ተማረ፤ ወደ ምዕራብ እስከ ባሮ ወንዝ ድረስ ተጓዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ም «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» የተባለውን መጽሐፉን በፔተርስቡርግ አሳተመ። መጽሐፉ ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ሀብት መሆኑን መካድ አይቻልም። ስለ ሠራዊቱ፣ ስለ ንግዱ፣ ስለ ቤተ ክህነቱ፣ ስለ ቤተ ሰብ አኗኗር ያየውንና የሰማውን ሰብስቦ በየክፍሉ አስቀምጧል። በዚያ ዘመን ስለ አፍሪካ ይጽፉ ከነበሩት ከብዙዎቹ የሚለየውም ለሚጽፍለት ሕዝብ አክብሮት ያለው በመሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ያንኑ መጽሐፍ እንደ ስንብት ጽሑፍ ስናነበው አንድ ነገር ይጐድለናል። አንድ ዓመት ሙሉ ያበላው፣ ያጠጣው፣ መንገድ የመራው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ በአብዛኛው ልማዱን ለማስረዳት እንደ ምሳሌ የቆመ ሰው ሆኖ ይታያል። ደራሲው የሚሰናበተው ልማዱን ነው እንጂ ባለ ልማዱን አይደለም። ይህም የቡላቶቪች ብቻ ጠባይ አይደለም፤ አንድ ዓመት ተቀምጠው የሄዱ ሰዎች የጻፉትን ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቡናው እንዴት እንደሚቈላ፣ ጢሱ እንዴት እንደሚሸት፣ ስኒው ስንት ጊዜ እንደሚቀዳ ይጽፋሉ፤ የቈላችው ሴት ግን «አንዲት ሴት» ናት። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናትም እንዲሁ ናት፤ ሸክሟ በክብደት ይገመታል፣ ጐብጣ መሄዷ በምሬት ይጻፋል፣ ማን ትባያለሽ ብሎ የሚጠይቃት ግን እምብዛም የለም።

ለቡላቶቪች ፍርድ ስንሰጥ ግን በዚህ ማቆም ግፍ ይሆናል። ይኸው ሰው ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1897 እና 1898 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር በካፋ በኩል እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና እስከሚባለው ድረስ ዘመተ፤ ስለዚያም ዘመቻ የጻፈው «ከምኒልክ ሠራዊት ጋር» የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1900 ታተመ። ሁለቱን መጻሕፍት ጐን ለጐን ያነበበ ሰው ልዩነቱን ሳያይ አይቀርም። በሁለተኛው መጽሐፍ አሽከሮቹን በስም በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ራስ ወልደ ጊዮርጊስም ማዕርግና ጋሻ ብቻ ያላቸው ሰው ሳይሆኑ አሳብና ድካም ያላቸው የጦር አለቃ ሆነው ይታያሉ። ደራሲው ያው ነው፤ አገሩም ያው ነው። የተለወጠው ነገር መመለሱ ይመስለናል። ሰው አንድ ጊዜ ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ እንደ ገና ሲመጣ፣ ስሙን ረስቶት የሄደው ወዳጁ ዐይን ዐይኑን ሲያየው ያፍራልና፣ በሁለተኛው ጊዜ ስም መጻፍ ይጀምራል።

በዚያው ዘመቻ ላይ የሆነ አንድ ነገር ደግሞ የመለያየትን ነገር ከሥሩ የሚነካ ነው። ከሐይቁ አጠገብ ክፉኛ የቈሰለ አንድ ሕፃን ልጅ ወድቆ ተገኘ። ቡላቶቪች አንሥቶ አስታመመው፤ ቫስካ ብሎ ሰየመው፤ ወደ ሩሲያም ይዞት ሄደ። ደራሲውን በርኅራኄው እናመሰግነዋለን፤ ያ ልጅ ባይነሣ ኖሮ በሕይወት ባልቈየም ነበር። ሆኖም ስንብትን በሁለት ወገን የሚያይ አንባቢ፣ ይህ ልጅ ወገኖቹን ሳይሰናበት፣ ማንም ሳይሸኘው፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም እንኳ ሳይዝ መሄዱን አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ቡላቶቪች ኋላ መንኵሶ አባ አንቶኒ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ም እንደ ገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የልማድ መዝገብ ጽፎ የሄደው ወጣት መኰንን በመነኵሴ ልብስ ሰው ፍለጋ ተመለሰ ማለት ነው።

አሁን ከእንጦጦ ራስ ወደ ግርጌው እንውረድ። በየካ በኩል ምኒልክ ለእንግሊዝ መንግሥት በሰጡት ሰፊ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1910 አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። አባቱ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር ሆኖ በለጋሲዮኑ ይቀመጥ ነበር። በ1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት ሲሆን የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን የተጠለለው በዚሁ ግቢ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ድል ያደረገው ሠራዊት በጃን ሜዳ ሲሰለፍ ቴሲጀር የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ አየ። እ.ኤ.አ. በ1919 ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ በ1930 ደግሞ ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ በእርሳቸው ተጋብዞ ለዘውድ በዓሉ መጣ። በጣሊያን ወረራ መጨረሻም ከዊንጌት ጦር ጋር በጎጃም በኩል ገብቶ ተዋግቷል። ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ጽፎታል፤ መጽሐፉንም ለንጉሠ ነገሥቱ መታሰቢያ አድርጎታል።

ይህ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የስንብት መጽሐፍ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። በዘጠኝ ዓመቱ የተለየውን ተራራና የጃን ሜዳውን ሰልፍ እስከ ሽምግልናው ድረስ ሲሰናበት የኖረ ሰው ነው። ያ የሰልፍ ቀን በልቡ የተከለበትን ናፍቆት የቀረው ዘመኑ ሁሉ እንዳላረካው ይተርካል፤ አውቶሞቢልና አውሮፕላን የሩቁን አገር ሁሉ አንድ ዐይነት እንዳደረጉት ያዝናል። አጻጻፉ ጥርት ያለ ነው፤ ቃል አያባክንም፤ ያላየውን አየሁ አይልም። ወዳጅነቱም እውነተኛ እንደ ነበረ በጦር ሜዳ አስመስክሯል።

ነገር ግን እዚህም ላይ የምንሰነዝረው ነቀፌታ አለን። ቴሲጀር ልማዱን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ እንዳይለወጥ ይፈልጋል። ያን ሰልፍ ያየው ልጅ በልቡ ውስጥ ስድስት ዓመቱ እንደ ሆነ ቀርቷል፤ የተሰለፉትም ወታደሮች አብረውት ሳያረጁ ቀርተዋል። እነዚያ ወታደሮች ግን ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገብተዋል፤ ልጆቻቸውም መኪና መንዳትና የአውሮፕላን ሞተር መፍታት ተምረዋል። ወዳጅህን የተሰናበትኸው በጎፈር ለምድ ሳለ ከሆነ፣ ስትመለስ ካፖርት ለብሶ ብታገኘው ልታዝንበት መብት አለህን? ልማድን እንደ ሣጥን ልብስ አጣጥፎ ይዞት የሄደ ሰው፣ ሲመለስ ባለቤቱ ሌላ ልብስ ለብሶ ቢያገኘው የከዳው ይመስለዋል። እንደምናየው ቡላቶቪች በመጀመሪያው መጽሐፉ ባለ ልማዱን ረሳው፤ ቴሲጀር ደግሞ አልረሳውም፤ ነገር ግን ከቆመበት እንዳይንቀሳቀስ ፈለገ። ሁለተኛው ፍቅር ስለ ሆነ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ለሚቀረው ሰው ግን ከባድ ሸክም ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እንግዶቹ ነው። ነቀፌታው በእነርሱ ላይ ብቻ ቢወድቅ ሥራችን ቀላል በሆነ ነበር። የእኛስ ሰዎች ከባዕድ አገር ሲመለሱ እንዴት ጽፈዋል? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄደው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ከመልእክተኛ የግል ስንብት አይጠበቅም፤ መንግሥት መንግሥትን ነው የሚሰናበተው። ስለዚህ በዚያ መጽሐፍ ላይ በዚህ ረገድ መፍረድ ተገቢ አይሆንም። ኅሩይ የስምን ዋጋ ያወቁ ሰው መሆናቸውንም ከዚያ አስቀድሞ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» ይመሰክርላቸዋል። ለኋላ ልጆች ማስታወሻ ይሆን ዘንድ የሰዎችን ስም ከነሥራቸው መዝግበዋልና። እርሳቸው ራሳቸው በስደት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1938 በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ዐረፉ። ስንቱን ወዳጅ ሳይሰናበቱ እንደ ቀሩ የሚቈጥር መጽሐፍ አልተጻፈም።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ደራስያን ደግሞ ቀለማቸውን ሁሉ ያፈሰሱት በመመለሱ ላይ ነው። መንግሥቱ ለማ ከኮተቤው ትምህርት ቤት ወጥተው ለንደን ተምረው የተመለሱ ናቸው፤ በ«ያላቻ ጋብቻ» ተውኔታቸውም በባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከገጠር ሲገባ ምን እንደሚገጥመው በሚያስቅና በሚያስተክዝ አኳኋን አሳይተውናል። እኛ ይህን ተውኔት ከሚወዱት ወገን ነን። የአማርኛ ልብ ወለድና ተውኔት ግን ከባሕር ማዶ የተመለሰውን ሰው «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ደጋግሞ ሲጠይቀው «ማንን ትተህ መጣህ?» ብሎ የጠየቀው ከስንት አንዴ ነው። አንድ ዓመት በለንደን ወይም በሞስኮ ወይም በቤጂንግ የተቀመጠ ተማሪ ክፍል ያከራየችው አሮጊት ነበረች፤ በብርድ ጊዜ ሹራብ ያዋሰው የክፍል ጓደኛ ነበረው። ለአጭር ትምህርት ወደ ውጭ አገር ደርሰው የተመለሱ የሥራ ባልደረቦቻችን የሚጽፉትን ስናነብም ይህንኑ እናያለን። የምድር ውስጡ ባቡር በሰዓቱ መድረሱ ይነገረናል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ይቈጠርልናል፤ አሮጊቷ ግን የለችም። ፈረንጁ የየካዋን ቡና አፍይ ስም ሳይጽፍ እንደ ሄደ ሁሉ የየካው ልጅም የአከራዩን ስም ሳይጽፍ ተመልሷል። በዚህ ረገድ ተካክለናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጕድለት ግን ሸኚው አለመጻፉ ነው። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ የውጭ አገር መምህራንን አስተናግዷል። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ከ200 የሚበልጡ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባሎች በአንድ ጊዜ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተበትነው አስተምረዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ትዝታቸውን ጽፈዋል፤ እየጻፉም ነው። ተማሪዎቻቸው የነበሩት ዛሬ አያቶች ሆነዋል። መምህሩ ሲሄድ ማን እንደ ሸኘው፣ በመጨረሻው ቀን ክፍሉ ውስጥ ምን እንደ ተባለ፣ ደብዳቤው ስንት ዓመት ሲመላለስ ቈይቶ መቼ እንደ ቆመ የሚያውቁት እነዚህ ተማሪዎች ናቸው። እነርሱ ካልጻፉ የዚያ ወዳጅነት ታሪክ የሚነበበው በአንድ ወገን ምስክር ብቻ ነው፤ ያም ምስክር ከአገር የወጣው በስንብቱ ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አያውቅም።

የሠፈሮቹን ስም እንኳ ብንመለከት ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ እናያለን። የካ ውስጥ «ፈረንሳይ» የሚባል ሠፈር አለ፤ ነዋሪው «ለጋሲዮን» የሚለውን ቃል እንኳ ሳይጨምር «ፈረንሳይ ነው ቤቴ» ይላል። ታክሲውም «ፈረንሳይ፣ ፈረንሳይ» እያለ ይጠራል። እንግዳው አገሩን ለሠፈሩ ስም አድርጎ ትቶ ሄዷል። ከዚያ ሠፈር ወጥቶ በእንግዳው አገር የመንደር ስም ይሁን ብለን የምናስብ አይደለንም፤ በእንግዳው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ዘበኛ ስም ቢገኝ ግን ይበቃን ነበር።

ከዚህ ልማድ ውጭ የሆኑ አሉ። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ባለቤታቸው ሪታ እ.ኤ.አ. በ1976 ከአዲስ አበባ ሄደው በ1987 ተመልሰዋል፤ ሁለቱ አብረው በጻፉት የትዝታ መጽሐፍም ወዳጆቻቸውን በስም ያነሣሉ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 መጥተው በ1960 እዚሁ ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል፤ ሪቻርድም በ2017 በዚያው ተቀበሩ። የእነዚህ ሰዎች ነገር ግን ከስንብት ይልቅ ወደ መቅረት ስለሚያደላ፣ ለአንድ ዓመት እንግዳ መለኪያ አድርገን ብናቀርባቸው ፍርዱ ይከብድበታል።

አንድ ዓመት ተቀምጦ ለሚሄድ እንግዳ የሚመች አንድ ነገር ግን በየካ አለ። በጥምቀት በዓል በጃን ሜዳ ከሚያድሩት ታቦታት አብዛኞቹ ጥር 11 ቀን ወደየመንበራቸው ሲመለሱ፣ የየካ ሚካኤል ታቦት በማግሥቱ፣ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ ዕለት ነው የሚመለሰው። ሕዝቡም በእግሩ እስከ የካ ድረስ ይሸኘዋል፤ ካህናቱ ይዘምራሉ፣ ጐረምሶች ይጨፍራሉ፣ በየቤቱ ደጃፍ የቆሙ እናቶች እልል ይላሉ። መንገዱ እስኪያልቅ የሚመለስ የለም። ስለ ጥምቀት የተጻፉት የእንግዶች ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በ11 ኛው ቀን ያበቃሉ፤ የውሃው መረጨት ታይቷል፣ ሥዕሉም ተነሥቷልና። በማግሥቱ ከሰዉ ጋር ተጋፍቶ፣ አቧራውን ጠጥቶ፣ አጠገቡ የሚሄደውን ሰው ስም ጠይቆ እስከ የካ የተጓዘ እንግዳ ግን የሽኝትን ነገር ያለ መምህር ተምሮታል። የእንደዚህ ያለው ሰው መጽሐፍ ቢደርሰን በደስታ እናነበዋለን፤ አብሮት የሄደው የየካ ሰው የጻፈው ቢደርሰን ደግሞ ከዚያ አስቀድመን።